«በአንዳንድ አገሮች» የሚሉት ሁለት ቃላት

በግንቦት ወር 2002 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ደጋ፣ በልግ አብቃይ በሆነ አንድ ወረዳ፣ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ለተሰበሰቡ አርባ ያህል አርሶ አደሮች እኔ የተረጎምኩት የሥልጠና ጽሑፍ ሲነበብ ከኋላ ተቀምጬ አዳምጥ ነበር። ጽሑፉን ያዘጋጀው አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ሲሆን የእኔ ድርሻ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመለስና የዘመን አቆጣጠሩን ወደ እኛ ማምጣት ነበር። በሦስተኛው ገጽ ላይ «በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በዝናብ የሚለማ እርሻ ምርት በግማሽ ይቀንሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። አሠልጣኙ ይህን አንብቦ ቀና ሲል ቤቱ ጸጥ አለ። ከፊት ረድፍ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ «ልጄ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ግማሹ ምርት እንደሚጠፋ ካወቃችሁ፣ ዛሬ ማዳበሪያ በዕዳ ውሰዱ የምትሉን ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። አሠልጣኙ «አባቴ፣ ለውጡን እንድትቋቋሙት ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ሽማግሌው ተቀመጡ፤ መልሱ እንዳልደረሳቸው ግን ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር እንደዚያ አይልም ነበር። «በአንዳንድ አገሮች በዝናብ የሚለማ እርሻ ምርት እ.ኤ.አ. በ2020 እስከ 50 በመቶ ሊቀንስ ይችላል» ነበር የሚለው። ሥዕሉንና ጽሑፉን በአንድ ገጽ ላይ ማስገባት ስለነበረብኝ «በአንዳንድ አገሮች» የሚሉትን ሁለት ቃላት አወጣሁ፤ «እስከ 50 በመቶ» የሚለውን «በግማሽ» አደረግሁት፤ «ሊቀንስ ይችላል» የሚለው ደግሞ ለጆሮ የላላ ስለመሰለኝ «ይቀንሳል» ብዬ አጠበቅሁት። ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ጠንካራ ሆነልኝ፤ ያስረከብኩትም በደስታ ነበር።

ስለ ሳይንስ፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ሕዝብ አመኔታ ለመጻፍ ስነሣ ከዚያች ገጽ የምጀምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ከየት ተነሥቶ ወሎ ደጋ እንደደረሰ በኋላ ተከታትዬዋለሁ። በእንግሊዝኛ የወጣው የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል፣ በተለምዶ አይፒሲሲ የሚባለው ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ካሳተመው አራተኛ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ደግሞ የወሰደው ሞሮኮን፣ አልጄሪያንና ቱኒዚያን ብቻ ከሚመለከትና ለፖሊሲ አውጪዎች ከተዘጋጀ አጭር ጽሑፍ ነበር። ሦስቱ የሰሜን አፍሪካ አገሮች በሪፖርቱ ማጠቃለያ ላይ «አንዳንድ አገሮች» ሆኑ፤ በየንግግሩና በየመግለጫው «አፍሪካ» ተባሉ፤ በእኔ እጅ ደግሞ ስማቸው ጨርሶ ጠፍቶ የወሎ ገበሬ የገብስ ማሳ ሆኑ። በየደረጃው የነበርነው ሰዎች ውሸት ለመናገር አላሰብንም፤ እያንዳንዳችን ጥቂት ጥቂት አጠበቅነው እንጂ። የአውሮፓ ጋዜጦች ይህንን ጉድለት የጻፉት ከሥልጠናው ሦስት ወር ያህል ቀደም ብለው ነበር፤ እኔ ግን አላነበብኩም።

ያ ዓመት ለአየር ንብረት ሳይንስ ከባድ ዓመት ነበር። በኅዳር 2002 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009፣ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ከሚገኘው የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ምርምር ክፍል ከአንድ ሺህ በላይ ኢሜይሎችን ሰርቀው በኢንተርኔት ለቀቁ። ጊዜው የኮፐንሃገን የአየር ንብረት ጉባኤ ሊከፈት ሳምንታት የቀሩት ነበር። የእኛ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አፍሪካን ወክለው ለመደራደር የተዘጋጁበት ጉባኤ ስለሆነ እኛም በየሬዲዮው እንከታተለው ነበር። የሳዑዲ ዓረቢያ ዋና ተደራዳሪ ኢሜይሎቹ በሰው ልጅ ሥራና በአየር ንብረት መካከል ምንም ግንኙነት እንደሌለ ያሳያሉ ብለው ለመገናኛ ብዙኃን ሲናገሩ፣ የተሰረቀ ደብዳቤ በቀናት ውስጥ የዲፕሎማሲ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል አየን።

ከኢሜይሎቹ ሁሉ በላይ የተጠቀሰው የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ፊል ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1999 የጻፉት ሲሆን፣ በአንድ ግራፍ ላይ «ማሽቆልቆሉን ለመደበቅ» አንድ «ዘዴ» እንደተጠቀሙ ይናገራል። ይህን የሰማ ሁሉ የምድር ሙቀት እየቀነሰ ሳለ ሳይንቲስቶቹ ደበቁት ብሎ ተረዳው። የሚያሽቆለቁለው ግን በቴርሞሜትር የተለካው ሙቀት አልነበረም። የጥንቱን ሙቀት ለመገመት የሚያገለግለው፣ በሰሜኑ የምድር ክፍል የሚገኙ የአንዳንድ ዛፎች ቀለበት ጥግግት፣ ለብዙ ዘመን ከሙቀት ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ ከኖረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ ቴርሞሜትሩ ወደ ላይ ሲሄድ እርሱ ወደ ታች መሄድ ጀምሮ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ይህን ችግር በምርምር ጽሑፎቻቸው ላይ በግልጽ ተወያይተውበታል፤ ለዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት መግለጫ ሽፋን በተዘጋጀው በዚያ ግራፍ ላይ ግን የዛፉን መስመር ቆርጠው የቴርሞሜትሩን ቀጠሉበት፤ ይህንንም ለተመልካች አላስረዱም።

በሰር ሙር ራስል የተመራው አጣሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010 ያወጣውን ግኝት ሁለቱም ወገን ግማሹን ብቻ ነው የሚጠቅሰው። ቡድኑ የሳይንቲስቶቹ ሐቀኝነትና ጥንቃቄ እንደማይጠረጠር ተናገረ። በዚያው ሪፖርት ተገቢውን ግልጽነት በተደጋጋሚ እንዳላሳዩና ያ ግራፍም አሳሳች እንደነበር አስታወቀ። የሳይንስ ወዳጆች የመጀመሪያውን ይዘው «ነጻ ወጡ» አሉ፤ ጠላቶቹ ሁለተኛውን ይዘው «ተጋለጡ» አሉ። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ። ያንን ግራፍ ያዘጋጀው እጅና የእኔ እጅ የሠሩት ስሕተት ተመሳሳይ ነው፤ ያልጠራውን ነገር ለተመልካች እንዲጠራ አድርገን ማቅረብ። ከዚህ በኋላ ነው መረጃቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ ያለመስጠታቸው ነገር የከበደው፤ የሚደብቁት ነገር ባይኖርም እንዳለ አስመስሎባቸዋልና።

ግልጽነት ምን እንደሚያደርግ ያሳየው ሪቻርድ ሙለር የተባለው የካሊፎርኒያ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ሙለር በሙቀት መዝገቦቹ ላይ ብርቱ ጥርጣሬ ነበረው፤ ጣቢያዎቹ በከተማ ሙቀት ተበክለው ይሆናል፣ የሚመቸው ተመርጦ ይሆናል ይል ነበር። ስለዚህ በርክሊ ኧርዝ የተባለ ቡድን አቋቁሞ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ጣቢያዎች የተገኘውን መዝገብ እንደ አዲስ አሰላው። ከገንዘቡ ከፊሉን የሰጠው በነዳጅ ሀብታቸው የሚታወቁትና የአየር ንብረት ሕጎችን በመቃወም ስማቸው የሚነሣው የኮክ ቤተሰብ ፋውንዴሽን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ውጤት የእንግሊዞቹም የአሜሪካኖቹም ተቋማት ቀድመው ካገኙት ጋር ገጠመ፤ በ2012 ደግሞ ሙለር ራሱ ለሙቀቱ መጨመር ምክንያቱ ከሞላ ጎደል የሰው ልጅ መሆኑን እንደተቀበለ በይፋ ጻፈ። በዚህ ሳይንስ ላይ ጥርጣሬ ላላቸው ሰዎች ሳወራ አስቀድሜ የማነሣው ይህን ሰው ነው።

በተለምዶ ግን የሚነሣው «97 በመቶ» የሚለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ከታተመ ጥናት የመጣ ሲሆን፣ አጥኚዎቹ ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ የምርምር ጽሑፎችን አጭር መግለጫ አንብበው፣ ስለ ሙቀቱ መንስኤ አቋም ከገለጹት ውስጥ 97 በመቶው የሰው ልጅ ነው እንደሚሉ አገኙ። ከሁሉም ጽሑፎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ስለ መንስኤው ያሉት ነገር አልነበረም፤ ስለ ማላሪያ ጥናት የሚጽፍ ሐኪም ማላሪያ በትንኝ እንደሚተላለፍ በየጽሑፉ መግቢያ ላይ እንደማያስረዳ ማለት ነው። ቁጥሩ እውነት ነው። ሆኖም በድምፅ ብልጫ የተወሰነ ነገር ስለሚያስመስለው፣ በተለይ ምርጫና ድምፅ ቆጠራ አመኔታ ባጣበት አገር፣ ሰውን ለማሳመን ደካማ መንገድ ይመስለኛል።

እኔ የምመርጠው መንገድ ጋቢ ነው። አንድ ሰው ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ቢሞቀውና ምክንያቱን ማወቅ ብንፈልግ፣ እሳቱ በርትቶ ከሆነ የጋቢው ውጫዊ ገጽም ውስጡም አብሮ ይሞቃል፤ ሰውየው ሁለተኛ ጋቢ ደርቦ ከሆነ ግን ውስጡ ሲሞቅ የላይኛው ገጽ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱ ወደዚያ መድረሱን ስለሚቀንስ። ምድርም እንዲሁ ናት። ሙቀቱን ያመጣችው ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ከእኛ በላይ ያለው የላይኛው ከባቢ አየር፣ ስትራቶስፌር የሚባለው፣ አብሮ በሞቀ ነበር። ሳተላይቶችና ፊኛዎች ለአሥርት ዓመታት የለኩት ግን ታችኛው አየር ሲሞቅ ላይኛው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ይህ የተደረበ ጋቢ ምልክት ነው። ጋቢው ሲወፍርም ታይቷል። በሃዋይ ደሴት በማውና ሎዋ ተራራ ላይ ቻርልስ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 መለካት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል፤ ከፋብሪካ ዘመን በፊት 280 ያህል እንደነበር ደግሞ በበረዶ ውስጥ ታምቆ የኖረ የጥንት አየር ይመሰክራል። በባሕር ላይ የሚንሳፈፈው መለኪያ፣ ሳተላይቱ፣ የበረዶው ዓምድ፣ የዛፉ ቀለበትና በየትምህርት ቤቱ ግቢ የቆመው ቴርሞሜትር አይተዋወቁም፤ የሚሠሩባቸው ሰዎችም ብዙዎቹ አይተዋወቁም። ሳይንሳዊ መግባባት የምንለው እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው መንገድ መጥተው አንድ ቦታ ሲገናኙ ነው። አይፒሲሲ እ.ኤ.አ. በ2021 የሰው ልጅ ከባቢ አየሩን፣ ውቅያኖሱንና የብሱን ማሞቁ የማያጠራጥር ነው ሲል፣ የማጠቃለያውን እያንዳንዱን መስመር ያጸደቁት የአባል መንግሥታቱ ተወካዮች ነበሩ፤ ነዳጅ ሻጮቹም በመካከላቸው ነበሩ።

በአሜሪካ በዚህ ሳይንስ ማመንና አለማመን ለምን የፓርቲ መለያ እንደሆነ ብዙ ተጽፏልና አላረዝመውም። የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1992 የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አባትየው ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ የዚያው ፓርቲ አማካሪ የነበረው ፍራንክ ለንትዝ በጻፈው ማስታወሻ ላይ የሳይንስ እርግጠኝነት ጉድለትን ዋና መከራከሪያ አድርጋችሁ ቀጥሉ ብሎ መከረ። ኤክሶን የተባለው የነዳጅ ኩባንያ የራሱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሠሯቸው የሙቀት ትንበያዎች በአብዛኛው ትክክል እንደነበሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት አሳይቷል። በዚያ አገር ጥርጣሬው የታቀደና የተከፈለበት ነበር።

በእኛ አገር ያለው ችግር ሌላ ነው። የአየር ንብረት እየተለወጠ አይደለም የሚል ባለሥልጣንም ሆነ ገበሬ አላጋጠመኝም። እንዲያውም ሁሉም ነገር በእርሱ ይመካኛል። ግድብ ሲደርቅ፣ ተፋሰስ ሲራቆት፣ የእርዳታ እህል ሲዘገይ፣ ከብት ሲያልቅ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ይባላል፤ ይህ ምክንያት ማንንም ስለማይጠይቅ ለሁሉም ይመቻል። ለጋሾችም ይህን ቃል ስለሚወዱት በየፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ ይጻፋል። እኔም ከጻፉት አንዱ ነኝ።

ሳይንሱ ራሱ ግን ከእኛ የተሻለ ጨዋ ነው፤ ይህን የተማርኩት ከሁለት የድርቅ ጥናቶች ነው። በ2007 እና 2008 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነው ነበር። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ያሉበት ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ያንን ድርቅ መርምሮ፣ በብዙ አሥርት ዓመታት አንዴ የሚደርስ ብርቱ ክስተት እንደነበርና ኤልኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ እንዳባባሰው፣ ነገር ግን በዝናቡ እጥረት ላይ በሰው ልጅ ምክንያት የመጣ ለውጥ ለይቶ ማግኘት እንዳልቻለ አሳተመ። ከቡድኑ አባላት መካከል ድርቅና ጎርፍን ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር በማያያዝ ጥናት በዓለም የታወቁት ፍሬደሪከ ኦቶና ሟቹ ኼርት ያን ፋን ኦልደንቦርህ ይገኛሉ። አዎንታዊ መልስ ቢሰጡ የሚያጨበጭብላቸው ብዙ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በቦረና፣ በሶማሌ ክልል፣ በሰሜን ኬንያና በሶማሊያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ኦቶ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችበት ቡድን በ2023 ያንን መርምሮ፣ የአፈሩን መድረቅ የአየር ንብረት ለውጥ ቢያንስ 100 እጥፍ ያህል የመከሰት ዕድል እንደሰጠው ገለጸ። ምክንያቱን ለይቶ ነው የተናገረው። ሙቀቱ ከፍ በማለቱ መሬቱና ዕፅዋቱ የሚያጡት ውኃ በዝቷል፤ የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ ማነስ ከቀድሞው ሁለት እጥፍ ያህል የመድረስ ዕድል አግኝቷል፤ የበጋ መግቢያው ዝናብ ግን በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት የመጨመር አዝማሚያ ሲኖረው በእነዚያ ዓመታት የኤልኒኖ ተቃራኒ የሆነው ላኒና ሸፍኖታል። አንዱን «አላገኘንም»፣ ሌላውን «አግኝተናል፣ ይህን ያህል፣ በዚህ መንገድ» ማለት የሚችል ምርምር ነው እኔ የማምነው። ሁለተኛውን የምቀበለው የመጀመሪያውን ስላነበብኩ ነው።

ስለዚህ ነገር ሳስብ አጎቴ ፊቴ ላይ ይመጣል። አጎቴ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ የቆመች የዝናብ መለኪያ ይጠብቅ ነበር። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አጥሩን ከፍቶ ይገባል፤ በመለኪያዋ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ሚሊ ሜትር ወደተጻፈበት የብርጭቆ ቱቦ ይገለብጣል፤ ዐይኑ ከውኃው ወለል ጋር እስኪስተካከል ዝቅ ይልና ያነባል። ያልዘነበ ቀን ዜሮ ይጽፋል። ታሞ ተኝቶ ያላነበበው ቀን ላይ ግን ሰረዝ ብቻ ያሰምራል። አንድ ጊዜ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ከበሽታው ሲነሣ በእነዚያ ቀናት እንዳልዘነበ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ለምን ዜሮ እንደማይጽፍ ጠየቅሁት። «ዜሮ ማለት አይቻለሁ፣ ባዶ ነው ማለት ነው። እኔ አላየሁም» አለኝ። ወሩ ሲያልቅ ቅጹን አጥፎ ወደ ኮምቦልቻ ይልከው ነበር።

ስለ እኛ ዝናብ የሚታወቀው ሁሉ በእንደነዚህ ዓይነት ቅጾች ላይ የቆመ ነው። በአምዶቹ ውስጥ በጦርነትና በችግር ዘመን ባዶ የቀሩ ዓመታት አሉ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቱፋ ዲንቁ ከአገራችን የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ጋር ሆነው የጣቢያዎቹን መዝገብ ከሳተላይት መረጃ ጋር አዋሕደው ክፍተቱን የሞሉበት ሥራ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተስፋፍቷል። ይህ ዓይነቱ ሥራ በዜና አይነገርም፤ ለአመኔታ ግን ከመቶ መግለጫ ይልቅ ይጠቅማል፤ አንድ ተማሪ ወይም አንድ የወረዳ ባለሙያ የአካባቢውን ዝናብ ራሱ አውጥቶ ማየት ሲችል ብቻ ነውና «ሳይንቲስቶች እንዳሉት» ከማለት የሚድነው።

በጥር 2012 ዓ.ም. ለለቅሶ ወደዚያው ወረዳ ሄጄ ነበር። በገበያ ቀን ሽማግሌውን አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል፣ ከዘራዋ ግን ያችው ናት። አወቁኝ። «ያ የጻፋችሁት ዓመት ገባ አይደል?» አሉኝ። «ገብሴን አስገብቻለሁ፤ ግማሹ አልጠፋም።» ጽሑፉን የተረጎምኩት እኔ እንደነበርኩና ቃላት እንዳወጣሁበት ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ቆይተው «በልጉ ግን ከድቶናል» አሉ። «አባቴ በሕይወት ሳለ በልግ ዘርተን ሳንበላ የቀረንበትን ዓመት በጣት እንቆጥር ነበር፤ አሁን የበላንበትን ነው የምንቆጥረው። ይመለሳል ይላሉ የተማሩት?»

እዚያው ቆመን የማውቀውን ነገርኳቸው። ሙቀቱ እንደጨመረና መጨመሩን እንደሚቀጥል ማንም አዋቂ እንደማይጠራጠር፣ ሙቀቱም እርጥበቱን ከማሳው ፈጥኖ እንደሚወስድባቸው አስረዳኋቸው። ስለ ዝናቡ ግን መለኪያዎቹና ትንበያዎቹ አልተስማሙም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በምሥራቅ አፍሪካ የሚዘንበው ዝናብ ባለፉት አሥርት ዓመታት ሲቀንስ ተለክቷል፤ የወደፊቱን የሚያሰሉት ሞዴሎች ደግሞ አብዛኛዎቹ ይጨምራል ይላሉ፤ ሊቃውንቱም ይህን የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ ብለው ስም አውጥተውለት እየተከራከሩበት ናቸው። ስለዚህ ይመለሳል ወይም አይመለስም የሚል ሰው ቢመጣ በምን እንዳወቀ ይጠይቁት አልኳቸው።

እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው፣ «ታዲያ ይህንን ያን ጊዜ ለምን አልጻፋችሁልንም?» አሉኝ።